አንድ ብልቃጥ ለመንደር ሙሉ፦ ጉምቦሮን በጋራ ስለ መከላከል የቀረበ ጥሪ

ወገኖች፣ ዶሮ የማይነካው ቤት የለንም። አንዳችን በጓሮ አምስት ስድስት ዶሮ እንለቃለን፤ አንዳችን በሽቦ በታጠረ ቤት አምስት መቶ ጫጩት እናሳድጋለን፤ አንዳችን ምንም ሳናረባ እንቁላሉን ከሱቅ፣ ዶሮውን ለበዓል ከገበያ እንገዛለን። በየገጠሩ የልጅ ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛው ብዙ ጊዜ እናት ከሸጠችው እንቁላል ነው። ትምህርት ጨርሰው ሥራ ያጡ ወጣቶች ተደራጅተው ቀድመው ከሚሞክሩት ሥራ አንዱ የዶሮ እርባታ ነው። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሃ ግብር ሲጀመር ከወተት፣ ከማርና ከዓሣ ጎን እንቁላልና የዶሮ ሥጋ የተጠሩትም ለዚህ ነው። ስለዚህ የዶሮ ጤና የጥቂት አርቢዎች ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። ዶሮዋ የአንዳችን ናት፤ በሽታዋ ግን የሁላችን ነው።

ዛሬ የምንጠራራው ስለ አንድ በሽታ ነው። ስሙ ጉምቦሮ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ ደላዌር ግዛት፣ ጉምቦሮ በምትባል አነስተኛ መንደር አካባቢ ባሉ የዶሮ እርባታዎች ታየ፤ በ1962 ኮስግሮቭ የተባለ ተመራማሪ በጽሑፍ ገለጸው። ከዚያ ወዲህ ዶሮ በብዛት የሚረባበትን ዓለም በሙሉ አዳርሷል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2002 ቢሾፍቱ ላይ በአንድ እርባታ መግባቱ ተረጋገጠ። ከዚያ በኋላ በተለያዩ አካባቢዎች ከታመሙ ዶሮዎች የተወሰዱ ናሙናዎች ሲመረመሩ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ አውሮፓ ውስጥ የተነሣው እጅግ ብርቱው ዓይነት እኛም ዘንድ እንዳለ ታወቀ። ጉምቦሮ እንግዳ አይደለም፤ ከእኛ ጋር እየኖረ ነው።

ጠላትን ሳያውቁ መከላከል አይቻልምና በቅርብ እንመልከተው። ቫይረሱ ቢርናቪሪዴ ከሚባለው ቤተሰብ ነው። የቤተሰቡ አባላት ሰውን አይነኩም። አንዱ የትራውትና የሳልመን ዓሣ ግልገሎችን ቆሽት ያበላሻል፤ ሌላው የፍራፍሬ ዝንብን ይይዛል፤ ይህኛው ደግሞ ዶሮን መረጠ። መጠኑ 60 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ 15 ሺህ ያህሉ ጎን ለጎን ቢደረደሩ አንድ ሚሊሜትር አይሞሉም። የመራቢያ መመሪያው የተጻፈው በሁለት ቁራጭ ድርብ ፈትል አር.ኤን.ኤ ላይ ሲሆን ሁለቱ ተደምረው ወደ 6 ሺህ ጥንድ ፊደል ቢሆኑ ነው። የዶሮዋ የራሷ የዘር መመሪያ አንድ ቢሊዮን ያህል ጥንድ አለው። በዚያች አጭር መመሪያ ቫይረሱ አምስት ፕሮቲኖች ብቻ ይሠራል፤ አምስቱ ግን ለጥፋት በቅተዋል። አንዱ ቅርፊት ይሆናል፤ አንዱ ተያይዞ የወጣውን ረጅም ፕሮቲን በየቦታው ይቆርጣል፤ አንዱ አር.ኤን.ኤውን እየገለበጠ ያባዛል፤ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ቫይረሱን ይገጣጥማሉ፣ ከሕዋሱ እንዲወጣም ያግዛሉ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ነገሩ ለእኛም ትምህርት አለውና። በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ረጅም ድርብ ፈትል አር.ኤን.ኤ አይገኝም። ስለዚህ የዶሮዋ ሕዋስ እንዲህ ያለ ፈትል ውስጡ ሲያገኝ ባዕድ እንደገባ ያውቃል፤ ወዲያው ኢንተርፌሮን የሚባል መልእክት ያወጣል። መልእክቱ የደረሳቸው ጎረቤት ሕዋሳትም በራቸውን ዘግተው ይጠባበቃሉ። ቫይረሱ ይህን አይስትም። ቪፒ3 የተባለው ፕሮቲኑ አር.ኤን.ኤውን ዙሪያውን ሸፍኖ ይይዘዋል፤ የሕዋሱ ጠባቂ ፈትሉን ሳያገኘው፣ መልእክቱ ሳይወጣ ጊዜ ያልፋል። ጎረቤት ሳይሰማ ቫይረሱ ይበዛል። በየመንደራችንም የሚሆነው ይኸው ነው፤ በአንድ ግቢ ጫጩት ሲሞት ነገሩ ከታፈነ፣ ጎረቤት የሚሰማው የራሱ ጫጩቶች መሞት ሲጀምሩ ነው።

ይህ ቫይረስ በዶሮ ሰውነት ውስጥ የሚመርጠው ቦታ አለ። ከፊንጢጣዋ በላይ፣ በጀርባዋ በኩል፣ አንዲት ትንሽ ከረጢት አለች፤ በጣሊያናዊው የአካል ጥናት ሊቅ በፋብሪሲየስ ስም የፋብሪሲየስ በርሳ ትባላለች። ሊቁ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1619 ነው፤ የከረጢቷ ሥራ ግን ከዚያ በኋላ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቆየ። በ1950ዎቹ ብሩስ ግሊክ የተባለ አሜሪካዊ በርሳቸው የወጣባቸው ዶሮዎች ፀረ እንግዳ አካል ማምረት እንደሚያቅታቸው ደረሰበት፤ ግኝቱም በ1956 ታተመ። በእኛ በሰዎች ደም ውስጥ ያሉት ቢ የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት እንኳ ስማቸውን ያገኙት ከዚህች የዶሮ ከረጢት ነው። ጉምቦሮ የሚገባው እዚያ ነው። ገና በማደግ ላይ ያሉትን ቢ ሕዋሳት እየፈለገ ይገድላል። የዶሮዋን ጦር ገና ሠልጥኖ ሳይወጣ በማሠልጠኛው ይጨርሰዋል።

በሽታው ጎልቶ የሚታየው ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ዕድሜ ባላቸው ጫጩቶች ነው። ቫይረሱ ከገባ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ጫጩቶቹ ላባቸውን አንጨፍርረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጥግ ይዘው ይከማቻሉ። ይንቀጠቀጣሉ። ነጭ ውኃማ ተቅማጥ ይወርዳቸዋል፤ ከኋላቸው ያለው ላባ ይቆሽሻል፤ አንዳንዶቹ የራሳቸውን ፊንጢጣ ይነቁራሉ። ባለሙያ የሞተውን ሲከፍተው የጭኑና የደረቱ ሥጋ ላይ የደም ነጠብጣብ ያያል። በርሳዋ አብጣ፣ ዙሪያዋ ቢጫማ ዝልግልግ ነገር ለብሳ፣ አንዳንዴም ውስጧ ደም ቋጥሮ ይገኛል። በሕይወት የተረፈችው ጫጩት በሳምንት ገደማ ውስጥ ብትታይ ደግሞ ያች ያበጠች ከረጢት ተኮማትራ ከጤነኛው መጠኗ ታንሳለች። ሞቱ በቀናት ውስጥ ያሻቅብና ከሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ይበርዳል። አርቢው እፎይ ይላል። የከፋው ጉዳት ግን ገና መጀመሩ ነው።

ከሦስት ሳምንት በታች ሆነው የተያዙ ጫጩቶች ብዙ ጊዜ ምልክት እንኳ አያሳዩም። በደህና ይበላሉ፣ በደህና ይጠጣሉ፤ በርሳቸው ግን ጠፍታለች። ከዚያ የፈንግል ክትባት ስንሰጣቸው ሰውነታቸው አይቀበለውም፤ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርት የላቸውምና። ከወራት በኋላ ፈንግል ሲገባ እንደ ቅጠል ይረግፋሉ። እኛም «ክትባቱ ውሸት ነው» እንላለን፤ ሻጩን እንከሳለን፤ ባለሙያውን እንወቅሳለን። በየሰፈራችን ዶሮ ባለቀ ቁጥር ፈንግል ገባ ማለት ለምደናል፤ ከኋላው ሆኖ በሩን የከፈተው ጉምቦሮ መሆኑን ግን ያለ ምርመራ ማንም አያውቅም። ለዚህ ነው የሞተ ጫጩት ወደ ባለሙያ ይዞ መሄድ የጋራ ግዴታችን የሚሆነው። አንዱ አርቢ የሚያስመረምረው አንድ ጫጩት ለመቶ አርቢ መረጃ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የቫይረሱ ጽናት ነው። ውጫዊ የስብ ሽፋን ስለሌለው ሳሙናና ብዙ የተለመዱ ማጽጃዎች እንደ ሌሎች ቫይረሶች በቀላሉ አይሰብሩትም። 56 ዲግሪ ሙቀትን ለሰዓታት ይቋቋማል። በሽታው ያለፈበት የዶሮ ቤት ውስጥ እስከ 122 ቀን፣ በውኃ፣ በመኖና በኩስ ውስጥ ደግሞ እስከ 52 ቀን ተላላፊነቱ እንደሚቆይ በጥናት ታውቋል። ጉዝጓዝ ውስጥ የሚኖሩ ጥንዚዛዎች ይዘውት ይዞራሉ። የሠራተኛ ጫማ፣ የእንቁላል ትሪ፣ የመኖ ከረጢት፣ የጋሪና የባጃጅ ጎማ ያመላልሱታል። አንዱ አርቢ ቤቱን አጥቦ፣ ኖራ ረጭቶ፣ ሳምንታት አሳርፎ ጫጩት ሲያስገባ ጎረቤቱ የታመመ ዶሮ ኩስ በጋራ መንገድ ላይ ከደፋ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። አጥር አያቆመውም። ዶሮዋ የአንዳችን ናት፤ በሽታዋ ግን የሁላችን ነው።

ለቫይረስ አንቲባዮቲክ አይሠራም። በየመንደሩ ጫጩት ሲያዛጋ ከመድኃኒት ቤት የሚመጣው የዱቄት መድኃኒት ጉምቦሮን አይነካውም፤ ገንዘባችንን ይወስዳል፣ በእንቁላሉና በሥጋው ውስጥ ይቀራል፣ ጀርሞችንም መድኃኒት ያስለምዳል። መከላከያው ክትባትና ንጽሕና ነው። ክትባቱም በአገር ውስጥ ይመረታል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የቢሾፍቱ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ከሌሎች የእንስሳት ክትባቶች ጋር የጉምቦሮን ክትባት ያመርታል። የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ጥራት መቆጣጠሪያ ማዕከልም እዚያው ቢሾፍቱ ነው። ከእጃችን የራቀ ነገር የለም። የጎደለን አብሮ መሥራት ነው።

ለምን አብሮ? ምክንያቱ ብልቃጡ ውስጥ ነው። ክትባቱ የሚታሸገው ለመቶዎች፣ አንዳንዱም ለ1000 ዶሮ በሚበቃ መጠን ነው። አንዴ ከተከፈተና በውኃ ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ለነገ አይተርፍም። ሠላሳ ጫጩት ያላት እናት ብቻዋን ገዝታ ሠላሳውን ከትባ የቀረውን መድፋት አትችልም፤ ስለዚህ አትከትብም። ጎረቤቶቿም በተመሳሳይ ምክንያት አይከትቡም። ሠላሳ ቤት ሠላሳ ሠላሳ ጫጩት ሲደመር ግን ዘጠኝ መቶ ነው፤ አንድ ብልቃጥ ለመክፈት የበቃ ቁጥር ነው። ደቦ ወጥተን ማሳ ያረስን፣ ወንፈል ገብተን አዝመራ የሰበሰብን ሕዝብ ነን። በዕድር ሐዘን የምንካፈል፣ በዕቁብ ጥሪት የምናጠራቅም ሕዝብ ነን። ለአንድ ብልቃጥ መሰባሰብ ሊያቅተን አይገባም።

ጊዜውም መሰባሰብን ይጠይቃል። ጫጩት ስትፈለፈል ከእናቷ በእንቁላሉ አስኳል በኩል የመጣ መከላከያ ይዛ ነው። ያ መከላከያ ብርቱ ሆኖ ሳለ ቀድመን ከከተብን ክትባቱን ራሱን ያከሽፈዋል፤ ዘግይተን ከመጣን ደግሞ የመንደሩ ቫይረስ ይቀድመናል። መሃሉ ላይ ያለው ጠባብ ጊዜ በአብዛኛው ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት ሲሆን ትክክለኛውን ቀን እንደ ጫጩቶቹ ምንጭና እንደ ክትባቱ ዓይነት ባለሙያ ይወስነዋል። በአንድ መንደር ያሉ ቤቶች ጫጩታቸውን በአንድ ሰሞን ካስገቡ፣ በአንድ ቀን ሊከትቡ ይችላሉ፤ በአንድ ሰሞን ሸጠው ቤቱን አጽድተው ሊያሳርፉም ይችላሉ። እያንዳንዱ በየፊናው ካስገባ ግን ሁልጊዜ አንድ ቤት ውስጥ ያልተከተበ ጫጩት አለ፤ ቫይረሱም ያችን ቤት ያገኛታል።

የክትባቱ ጠዋት እንዴት እንደሚመስል የሚያውቅ ለማያውቅ ያሳይ። ጎሕ ሲቀድ የውኃ መጠጫዎቹ ይነሣሉ፤ ጫጩቶቹ አንድ ሁለት ሰዓት ይጠማሉ። መጠጫዎቹ በንጹሕ ውኃ ብቻ ይታጠባሉ፤ ኦሞና በረኪና አይነካቸውም፤ የሁለቱ ቅሪት ክትባቱን ይገድለዋልና። ውኃው ክሎሪን የሌለበት የጉድጓድ ወይም የዝናብ ውኃ ይሁን፤ ጥርጣሬ ካለ ስቡ የወጣለት የወተት ዱቄት በሊትር ሁለት ግራም ያህል ቀድሞ ይበጠበጥበታል። ብልቃጡ ከበረዶ ሣጥን የሚወጣው ሁሉ ከተዘጋጀ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቆያል። ከዚያ በጥላ ሥር፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ለሁሉም ጫጩት በሚበቃ መጠጫ ይቀርባል፤ ደካማዋም ጫጩት ደርሳ እንድትጠጣ አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ሲሠራው ይዝላል። አንዷ ውኃ ስትቀዳ፣ አንዱ በረዶ ሣጥኑን ሲይዝ፣ ልጆች መጠጫ ሲያመላልሱ ግን ከቡና ሰዓት በፊት ያልቃል።

በግማሽ መንገድ የተሠራ ክትባት ከምንም ይሻላል የሚል ካለ፣ አይሻልም። ቫይረሱ ራሱን ሲገለብጥ ስሕተቱን የሚያርምለት የለም፤ ስለዚህ ይለዋወጣል፤ በተለይ ፀረ እንግዳ አካል የሚለይበት የቅርፊቱ ክፍል ይለዋወጣል። ሁለት ዓይነት ቫይረሶች አንድ ሕዋስ ውስጥ ከተገናኙም ሁለቱን ቁራጮቻቸውን ተቀያይረው አዲስ ዓይነት ሊወጣ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ቅይጥ በተለያዩ አገሮች ተገኝቷል። ዶዝ ቆጥበን ባሳነስን ቁጥር፣ ግማሹን ከትበን ግማሹን በተውን ቁጥር ቫይረሱ የሚላመድበትን ሜዳ እናሰፋለታለን።

ነጋዴዎች ሆይ፣ ጥሪው እናንተንም ይመለከታል። ከዳግማዊ ትንሣኤ እስከ እንቁጣጣሽ፣ ከገና እስከ ፋሲካ፣ በበዓል ዋዜማ በአንድ ቅርጫት የሚታሰሩት ዶሮዎች ከስንት መንደር እንደመጡ እናንተ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። አርቢው ጫጩቱ መሞት ሲጀምር የቀሩትን ሳይረግፉ ልሽጥ ብሎ ሲደውል፣ ዋጋው ሲረክስላችሁ ምክንያቱን ታውቃላችሁ። እንቢ በሉ። ያች ርካሽ ዶሮ በሳምንቱ የሦስት ገበያ ዶሮ ትበክላለች፤ የእናንተንም የነገ ንግድ ታደርቃለች። አርቢም ሰው ነው፤ ኪሳራ ያስጨንቀዋል። ስለዚህ እንቢታውን ብቻውን አንተወው፤ ዶሮው ያለቀበት ጎረቤት ዳግም ጫጩት የሚገዛበትን ጥቂት ብር የሚያዋጣ ዕድር ቢኖር ማን ታሞ የተደበቀ ዶሮ ይሸጣል?

በውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለእናት ለአባት የዶሮ ቤት ማሠሪያ ስትልኩ የጫጩቱንና የመኖውን ብቻ አትቁጠሩ። የክትባቱን፣ የበረዶ ሣጥኑን ጨምሩበት፤ ስትደውሉም ስንት እንቁላል ተገኘ ከማለታችሁ በፊት መቼ ተከተቡ በሉ። ገዥዎች የሆንን ሁላችን የሞተ ዶሮ በወንዝና በመንገድ ዳር ተጥሎ ስናይ ዝም አንበል፤ በጥልቅ ተቆፍሮ፣ ኖራ ተነስንሶበት እንዲቀበር እናድርግ። የቀበሌ አመራሮች የክትባት ቀንን በስብሰባ አስነግሩ። የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣ እናንተ ከሌላችሁ ይህ ሁሉ ቃል ብቻ ነው፤ አንድ ጫጩት ይዛ የመጣችውን እናት አትመልሷት።

ይህን የምንለው ያልተሞከረ ነገር ይዘን አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶ አገሪቱን በረሃብ መታ፤ ቅድመ አያቶቻችን ያን ዘመን ክፉ ቀን ብለው አወረሱን። ያ በሽታ ዛሬ በምድር ላይ የለም፤ ከዓለም መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታወጀ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጨረሻ ምሽጉ አፋር ነበር። ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ተሸክመው፣ ሐኪም በማይደርስበት በረሃ መንጋውን የከተቡት ከራሳቸው ከአርብቶ አደሮቹ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ጉምቦሮ እንደ ደስታ ከምድር ይጠፋል ብለን ተስፋ አንሰጥም፤ ቫይረሱ ብዙ ጽናት አለው። ከመንደራችን ግን ልናስቀረው እንችላለን። ልጆቻችንን በተቅማጥ የሚያጠቃው ሮታ ቫይረስም እንደ ጉምቦሮ ድርብ ፈትል አር.ኤን.ኤ የተሸከመ፣ የሌላ ቤተሰብ ቫይረስ ነው፤ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ እናቶች ሕፃን አዝለው፣ ቀኑን ቆጥረው፣ ጤና ኬላ ድረስ እየሄዱ ያስከትባሉ። ቀን ቆጥሮ ማስከተብን የምናውቅ ሕዝብ ነን።

እንግዲህ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ በዚህ ሳምንት የግራና የቀኝ ጎረቤታችሁን በር አንኳኩና ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ስንት ጫጩት አላችሁ? ስንት ቀናቸው ነው? ቁጥሩን ይዛችሁ ወደ ቀበሌያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሂዱ፤ ቀን ቁረጡ፤ ብልቃጡን አብራችሁ ክፈቱ።